ሽንቴ ላይ ደም አለ፣ ከብልቴም ይደማኛል፤ ከየትኛው ነው?

ግራ_የገባት
ሰላም ለሁላችሁ። 34 ዓመቴ ነው። ፔሬዴ በጊዜው መጥቶ ሄደ፣ ከዛ ግን ጠብ ጠብ የሚል ደም ተመልሶ መጣ። በዛ ላይ በሸናሁ ቁጥር መጸዳጃው ውስጥ ያለው ውሃ ሮዝ ይሆናል። አሁን ይሄ ሽንቴ ነው የደማው ወይስ ከብልቴ የሚወርደው ነው ሽንቱን ያቀላው? ስሸና ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎም ይመጣብኛል። ትኩሳት የለኝም። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሽንት ሰጠሁ። "ደም አለው፣ ኢንፌክሽን ነው" ተብዬ ኪኒን ታዘዘልኝ፤ ከማህጸን ይደማሽ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ኪኒኑን ጨረስኩ። ማቃጠሉ ቀነሰ፣ ደሙ ግን አለ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ ካንሰር ብቻ ነው፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያጋጠማት ካለች እባካችሁ።

ሲስተር_ነኝ
እህቴ፣ ካንሰሩን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና ሌላ ነገር እንለይ። የሽንት መውጫ፣ ብልት፣ ፊንጢጣ ሦስቱም ተጠጋግተው ነው ያሉት። አንዱ ሲደማ ሌላው የደማ ይመስላል። ኪንታሮት የሚያደማት ሴት "ሽንቴ ደም ሆነ" ብላ ትመጣለች፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ምን በሽታ ነው ሳይሆን ደሙ በየት ነው የወጣው ነው።

ቤት ውስጥ የምትሞክሪው ነገር አለ። ከፊት ወደ ኋላ ታጠቢ፣ ታምፖን (ብልት ውስጥ የሚገባ የደም መምጠጫ) የምትጠቀሚ ከሆነ አስገቢ፣ ከዛ በንጹህ ብርጭቆ ወይም የምርመራ ኩባያ ሽኚ። መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ሽንት ልቀቂው፣ መሃል ላይ ያለውን ያዢ። ሽንቱ ጥርት ያለ ሆኖ ታምፖኑ ከቀላ ደሙ ከማህጸን ወይም ከብልት ነው ማለት ይቻላል። ሽንቱ ራሱ ከቀላ ደግሞ የሽንቱ መንገድ መታየት አለበት። ግን ይሄ ፍንጭ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም፣ ምክንያቱም በዓይን የማይታይ ደም ሽንት ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ላቦራቶሪ ላይ ያለውም ችግር ያው ነው። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ባለቀለም ወረቀት ደም መኖሩን እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግርሽም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው ነገሩ የሚለየው። በአንድ እይታ 3 ወይም ከዚያ በላይ ቀይ የደም ሴል ካለ የሽንት ደም ይባላል፣ ግን ናሙናው ከብልት በሚመጣ ሴል የተሞላ ከሆነ ተበክሏልና እንደገና መሰጠት አለበት። ደም እየፈሰሰሽ የሰጠሽው ሽንት "ደም አለው" ቢባል ምንም አይገርምም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። የእርግዝና ምርመራ። "ፔሬዴ መጥቶ ነበር" ብለሽ አትለፊው። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ የሚመጣን ደም ፔሬድ ነው ብለው የሚያልፉት ብዙ ናቸው።

አታካብዱ
ኧረ አታካብዱባት በናታችሁ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ አለቀ። ውሃ በብዛት ጠጪ፣ ኪኒኑን አንድ ዙር ድገሚው፣ ይሄዳል። እኔም በየጊዜው ይይዘኛል፣ ሽንቴም ይደማል።

ፋርማሲስቱ
እህት፣ በክብር ልቃወምሽ። የሽንት ኢንፌክሽን ሽንትን ያደማል፣ እሱ ልክ ነው። ፊኛው ሲቆጣ ደም ይታያል፣ ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያሸናል። የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ባክቴሪያ ወደ ፊኛ ለመግባት ብዙ መንገድ አይጓዝም። ግን የፊኛ ኢንፌክሽን ማህጸንን አያደማም! ሁለት ቦታ የሚደማ ከሆነ ወይ አንዱን ደም ነው ሁለት ቦታ ያየነው፣ ወይ ሁለት የተለያየ ነገር አለ፣ ወይ ሁለቱንም የሚነካ አንድ ነገር አለ። ኪኒን መድገም ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም። ካልቸር (ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩንና ዓይነቱን የሚለይ ምርመራ) ሳይሰራ አንቲባዮቲክ መደጋገም ደግሞ የሚያተርፈው መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ ነው።

ከእኔ ሙያ አንጻር የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ መናገር ትልቅ ነገር ነው። ዋርፋሪንና ሌሎች የደም ማቅጠኛዎች፣ አስፕሪንም ጭምር፣ ሽንትንም ማህጸንንም ሊያደሙ ይችላሉ። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት "ደም ማቅጠኛ ስለምወስድ ነው" ብለው መተዋቸው ነው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ውስጥ ተደብቆ የነበረን ችግር ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ምርመራው አይቀርም። መድኃኒቱንም በራስ ውሳኔ ማቆም አደጋ ነው።

የእርግዝና መከላከያም አለ። ኪኒን ስትረሳ፣ መርፌ ወይም ኢምፕላንት ስትጀምር፣ ሉፕ ስታስገባ፣ ድንገተኛውን ኪኒን ስትወስድ ጠብ ጠብ የሚል ደም የተለመደ ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ቀይ ያደርጋል፣ ደም አይደለም። በዚያው ልክ የመከላከያ ኪኒንና ኢምፕላንትን ያዳክማል፣ ስለዚህ ከማህጸን ጠብታ ደም ሊመጣ ይችላል፣ ከዛም አልፎ ሳታስብ ልታረግዝ ትችላለች። ሁለቱን አብራ ያየች ሴት "ሁለት ቦታ ደማሁ" ብላ ብትመጣ አልፈርድባትም።

ግራ_የገባት
እኔ ምንም መድኃኒት አልወስድም፣ መከላከያም የለኝም። ነገ ጠዋት የእርግዝናውን አደርጋለሁ።

ሲስተር_ነኝ
ጎሽ። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነና በአንድ ጎን ሆድሽን ካመመሽ፣ ካዞረሽ፣ ወይ ትከሻሽ ጫፍ ላይ ያልተለመደ ህመም ከተሰማሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። ከማህጸን ውጪ የሆነ እርግዝና እንደዛ ነው የሚጀምረው፣ ውስጥ ለውስጥ ሲፈስ ከታች የሚታየው ደም ትንሽ ሊሆን ይችላል። የደሙ ማነስ አያታልልሽ።

ሌሎቻችሁም ስለምታነቡት ልጻፈው። በሰዓት አንድ ሞዴስ እያራሰ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ራስ መሳት ከመጣ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ህመም ጋር ከሆነ፣ ወይም የረጋ ደም መጥቶ ሽንት አልወጣ ካለ፣ እዚህ መጥቶ መጠየቅ አያስፈልግም። ድንገተኛ ክፍል ነው።

የጎን ህመም ስል፣ እንደ ማዕበል እየመጣ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ከሆነ ጠጠር ነው የምንጠረጥረው። ጠጠር ሽንትን ያደማል፣ ከብልት ደም ጋር ግን ግንኙነት የለውም።

በየወሩ
የኔን ታሪክ ልንገርሽ፣ ያንቺ እሱ ነው ለማለት ሳይሆን ማንም ስለማያወራው ነው። እኔ ሽንቴ የሚደማው ፔሬዴ ሲመጣ ብቻ ነበር። በተፈጥሮ ሁሉም ሰው "ፔሬድሽ ነው እኮ፣ ምን ትጠብቂያለሽ" ይለኛል። ግን ፊኛዬ ሲሞላ የሚሰማኝ ህመም የፔሬድ ቁርጠት አልነበረም፣ ልዩ ነው፣ ሽንቱ ሲያልቅ ደግሞ ይብሳል። ካልቸር ሲሰራ በተደጋጋሚ ንጹህ ነው። ኢንፌክሽን የለም እየተባለ የኢንፌክሽን መድኃኒት መዋጥ ሰለቸኝ።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ቀኖቹን እንድመዘግብ ነገረችኝ። ፔሬድ የመጣበት ቀን፣ ሽንት የቀላበት ቀን፣ ያመመኝ ቀን። ወረቀቱን ስታየው ወዲያው ጠረጠረች። ኢንዶሜትሪዮሲስ ፊኛ ላይ። የማህጸን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ፊኛዬ ግድግዳ ላይ ነበር፣ ፔሬድ ሲመጣ እሱም አብሮ ይቆጣል። አልፎ አልፎ የሚገኝ ነገር ነው ብላኛለች፣ ግን አለ። በኤምአርአይና ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ነው የተረጋገጠው፣ አሁን በሆርሞን ነው የምታከመው።

ስለዚህ ሴቶች፣ ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ይሁን ደብተር ላይ። ሐኪም ፊት ተቀምጦ "አልፎ አልፎ ይደማል" ማለትና ቀኑን ማሳየት አንድ አይደለም።

ሲስተር_ነኝ
በየወሩ፣ በጣም ጥሩ ያልሽው። በዚሁ ላይ ልጨምር፦ በኦፕራሲዮን ወልዳ ከዛ በኋላ ፔሬዷ በታች መምጣት ትቶ በየወሩ ሽንቷ የሚደማ ሴት ካለች በማህጸንና በፊኛ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ፊስቱላ ነው። ብርቅ ነው ግን ይታከማል። ሽንት የሚያመልጣትም አለች፣ የማያመልጣትም አለች።

የእናቷ_ልጅ
እኔ የምጠይቀው ለእናቴ ነው። 61 ዓመቷ ነው፣ ፔሬድ ካቆመች ስንት ዘመኗ። ሰሞኑን የውስጥ ልብሷ ላይ ደም አየሁ፣ ስጠይቃት "ሽንቴ ነው፣ ብርድ መቶኝ ነው" አለችኝ። አያማትም። ሐኪም ቤት አልሄድም ብላለች። ልተዋት?

ሲስተር_ነኝ
አትተያት። ፔሬድ 12 ወር ሙሉ ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ የማህጸን ደም፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ ይታያል። አብዛኛዎቹ ካንሰር አይደሉም፣ ይሄንን ንገሪያት። ብዙ ጊዜ ሆርሞን ስለሚቀንስ የብልትና የሽንት መውጫው ቆዳ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ይደማል። ይሄ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ያቃጥላል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ደም ይታያል፣ እና ኢንፌክሽን እየተባለ ስንት ጊዜ ይታከማል። የሚቀባ ኢስትሮጅን (የቀነሰው ሆርሞን ማለት ነው) አለው። የሽንት መውጫው ጫፍ ላይ ቀይ ትንሽ እብጠት የሚወጣባቸውም አሉ፣ ሲነካ ይደማል፣ በማየት ብቻ ይታወቃል። ግን ለመታየት መሄድ አለባቸው።

ሌላውን ወገን ደግሞ አልደብቅሽም። የማህጸን ውስጠኛ ሽፋን ካንሰር ካለባቸው ሴቶች 90 በመቶ ያህሉ ላይ ምልክቱ ደም ነው። ለዚህ ነው በጊዜ የሚገኘው፣ ደሙን ተከትለው ከሄዱ። በብልት በኩል በሚገባ አልትራሳውንድ የማህጸኑ ሽፋን ይለካል። 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመሆን እድሉ በጣም ትንሽ ነው፣ ከወፈረ ወይም ደሙ ከተመላለሰ ናሙና ይወሰዳል።

እና ደሙ በእርግጥ ከሽንት ከሆነ "አያማትም" ያልሽው አያጽናናኝም። የፊኛ ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ህመም የለውም። አንድ ቀን ይደማል፣ ለሳምንታት ይጠፋል፣ ሰውየው ድኛለሁ ይላል። ሴቶች ላይ ደግሞ ኢንፌክሽን እየተባለ ስለሚታለፍ ዘግይቶ ይገኛል። እናትሽ ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ለሐኪሙ ንገሪ፣ ትልቁ መንስኤ እሱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ባለው መመሪያ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ያለ ኢንፌክሽን ሽንቱ በዓይን የሚታይ ደም ካለው፣ ወይም ኢንፌክሽኑ ታክሞ ደሙ ካልጠፋ፣ በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። ፊኛው በካሜራ ይታያል፣ ኩላሊቱ በሲቲ ወይም በአልትራሳውንድ።

"ብርድ ነው" ካሉ "እሺ ብርዱን እናሳየው" ብለሽ ውሰጃቸው።

የእናቷ_ልጅ
ሃሃ ይሄ ይሰራል። እሷ ሴት ሐኪም ካልሆነ አልገባም ነው የምትለው፣ አስቀድሜ ደውዬ እጠይቃለሁ።

ባል_ነኝ
ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ። ባለቤቴ ከግንኙነት በኋላ ትደማለች፣ ስትሸናም ያቃጥላታል። እሷ እንዳልናደድ ብላ ደብቃኝ ነበር። እኔ ምንም ምልክት የለኝም። ምን ሊሆን ይችላል?

ፋርማሲስቱ
መጠየቅህ ጥሩ ነው ወንድሜ። ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም ብዙ ጊዜ ከማህጸን በር ነው። ክላሚዲያና ጨብጥ የማህጸን በርንም የሽንት ቧንቧንም ስለሚያስቆጡ ያልካቸውን ሁለቱንም ምልክቶች ባንድ ላይ ሊያመጡ ይችላሉ። አንተ ምልክት የለህም ማለት የለብህም ማለት አይደለም፣ ክላሚዲያ ወንድም ሴትም ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ፣ ከተገኘ ሁለታችሁም ትታከማላችሁ። ማን ለማን አመጣው የሚለውን ክርክር ደግሞ ተዉት፣ ዝም ብሎ ስለሚቆይ መቼ እንደገባ ማወቅ አይቻልም።

ሲስተር_ነኝ
እና የማህጸን በሯ በስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ ውስጡን ለማየት የሚረዳ መሣሪያ) ይታይ። ፖሊፕ (ትንሽ ትርፍ ሥጋ) ሊሆን ይችላል፣ ቀላል ነው። ግን የማህጸን በር ካንሰርም ከግንኙነት በኋላ በመድማት ነው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው። ሁሉም ማለት ይቻላል በኤችፒቪ ቫይረስ ነው የሚመጣው፣ ቀድሞ ከተገኘ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ይወገዳል። ከገፋ በኋላ ነው ወደ ፊኛ ገብቶ ሽንትንም የሚያደማው። እዛ እንዳይደርስ ነው ምርመራው።

ውሃ_ዳር_ያደግሁ
ማንም ያላነሳው አንድ ነገር። ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ የሚይዝ ትል። በወንዝና በሐይቅ ውሃ ያደገ፣ ልብስ ያጠበ፣ የዋኘ ሰው ያውቀዋል። በሽንት በኩል የሚመጣው ዓይነት እንቁላሉን ፊኛ ላይ ይጥላል፣ ሽንት መጨረሻ ላይ ደም ይመጣል። የማይነገረው ክፍል ግን ይሄ ነው፦ ያው እንቁላል ማህጸን በርና ብልት ውስጥም ይቀመጣል። ከግንኙነት በኋላ መድማት፣ ፈሳሽ፣ ማሳከክ፣ ህመም። አባላዘር ነው እየተባለ ሴቶች ይሰደባሉ፣ ትዳር ይፈርሳል፣ የአባላዘር መድኃኒት ይሰጣቸዋል፣ አይድኑም። የኔ ታላቅ እህት በዚህ አልፋለች፣ ለዛ ነው የሚያናድደኝ።

ሁለቱንም ቦታ በአንድ በሽታ የሚያደማ ከፈለጋችሁ ይሄ አንዱ ነው። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት፣ "እዚህ ውሃ ውስጥ እገባ ነበር" በሉ። ዘመናት ቢያልፉም ንገሩ።

ፋርማሲስቱ
ልክ ነህ ወይም ልክ ነሽ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በክብደት ተሰልቶ ይሰጣል። ለምርመራው የሽንቱ ሰዓት ራሱ ልዩነት አለው። እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አንዴ ሽንት ውስጥ አልተገኘም ማለት ደግሞ የለም ማለት አይደለም።

አታካብዱ
እሺ እሺ ገባኝ፣ ግን አሁን እኔንም አስፈራችሁኝ። እኔ ፔሬዴ ከጀመረኝ ጊዜ ጀምሮ በጣም ነው የሚፈሰኝ፣ ድዴም ይደማል፣ ሽንቴም አንዳንዴ። ይሄ ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም እያላችሁኝ ነው?

ሲስተር_ነኝ
ኢንፌክሽኑ ሊኖር ይችላል። ግን ከመጀመሪያው ፔሬድ ጀምሮ የሚበዛ ደም፣ ድድ፣ ነስር፣ በትንሹ የሚበልዝ ቆዳ አንድ ላይ ከመጡ ደምሽ በደንብ የማይረጋ ሊሆን ይችላል። በዘር የሚተላለፍ ፎን ቪሌብራንድ የሚባል አለ፣ ፕላትሌት (ደምን የሚያረጋው የደም ክፍል) ማነስም አለ። በደም ምርመራ ይታወቃል። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) አሰሪ፣ ደም ማነስም ሳይኖርብሽ አይቀርም። ጥርስ ስትነቀዪ ወይም እናትሽ ስትወልድ ደም አልቆም ብሎ እንደነበር ጠይቂና ለሐኪሙ ንገሪ።

ግራ_የገባት
ተመለስኩ። እርግዝናው ኔጌቲቭ ነው። ሌላ ቦታ ሄድኩ። ይቺኛዋ ሐኪም ገና ሳልቀመጥ "ደሙ በየት በኩል ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ እናንተን አስታወሰችኝ። በስፔኩለም አየችኝ። ማህጸን በሬ ላይ ፖሊፕ አለ፣ እሱ ነው የሚያንጠባጥበው። እዛው አወጣችው፣ አላመመኝም ማለት ይቻላል፣ ቁንጥጥ እንደማድረግ ነው። ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት) ተልኳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም ብላኛለች። ሽንቴን ደግሞ በቀጭን ካቴተር (ፊኛ ውስጥ በሚገባ ቱቦ) ወሰደችው፣ ከብልት ደም ጋር እንዳይነካካ። ኢንፌክሽኑ ጠፍቷል፣ ግን ትንሽ ቀይ የደም ሴል አሁንም አለ። በካቴተሩ መቧጠጥ ሊሆን ይችላል፣ ገና ከኢንፌክሽኑ እያገገመም ሊሆን ይችላል፣ ድገሚው አለችኝ። መቼ እንደምደግመው ሳልጠይቅ ወጣሁ። ስንት ቀን ልጠብቅ?

ሲስተር_ነኝ
እሰይ! ያየሽው እንግዲህ ሁለት የተለያየ ነገር ነበር፣ ኢንፌክሽኑም እውነት፣ ፖሊፑም እውነት። ፖሊፕ ከወጣ በኋላ ለጥቂት ቀን ትንሽ ደም ይኖራል፣ አትደንግጪ። እሱ ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ የሚቀጥለው ፔሬድም ሳይጀምር በመካከል ያለውን ጊዜ ምረጪ። ከመድኃኒቱ መጨረሻ ቆጥረሽ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይለፍ። ቀኑን ግን ደውለሽ ከእሷ ጋር አረጋግጪ። ከዋዜማው ጀምሮ ከባድ ስፖርት አትስሪ፣ እሱም ሽንት ላይ ደም ሊያሳይ ይችላል። ሴሉ ያኔም ካለ ፕሮቲን እንዳለውና ሴሎቹ ቅርጻቸው የተበላሸ መሆኑን እንዲያዩ ጠይቂያቸው። ሁለቱ ካሉ የሚጠረጠረው ፊኛ ሳይሆን ኩላሊት ነው፣ የደም ግፊትሽና ክሬአቲኒንሽም (የኩላሊት ሥራ የሚታይበት የደም ምርመራ) ይለካል። ከሌሉ ደግሞ የኩላሊት አልትራሳውንድና እንደ ሐኪሟ ውሳኔ ካሜራ።

ግራ_የገባት
ሁለቱን ጻፍኳቸው፣ ፕሮቲንና የሴል ቅርጽ። የፓቶሎጂውም ውጤት ሲመጣ እዚሁ እለጥፋለሁ።

የእናቷ_ልጅ
የኔም እናት ሐሙስ ቀጠሮ ይዛለች፣ ሴት ሐኪም ናት። "ብርዱን ነው የሚያዩት" ብያታለሁ 😄